ተቀማጩ ግማሽ

ቶሩን የጭቃውን ፊት በቀጭን ቢላ ትጠርግ ነበር። ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ። ከላይ ወደ ታች የጠረገ ሰው የአንዱን ዘመን ጭቃ በሌላው ዘመን ላይ ይቀባል። ይህን የተማረችው ከሁለት ወር በፊት ነው። የመርከቧ ሰዎች ግን አሥር ዓመት የሠራችበት ይመስላቸዋል።

ቢላውን በጨርቅ አበሰች። እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ።

 ፍርሃቷ ለማንም አይታይም ነበር።

ከጎኗ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ሃልቫርድ ኔስዬ የምስር ፍሬ የምታህል ጭቃ በጥፍሩ ቆነጠረ። በፊት ጥርሶቹ መካከል አደረጋትና ዐይኑን ጨፍኖ ፈጨት ፈጨት አደረጋት። ደለል ከሆነ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ሸክላ አፈር ከሆነ እንደ ቅቤ ዝም ይላል።

«ሸክላ» አለ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአገሬን ባሕር በላሁ። አንድም ቀን ጨው ጎድሎት አያውቅም።»

ሳቀች። ሳቁ ከልቧ ነበር፤ ያ ደግሞ አስፈራት። ሰውየውን መውደድ አልነበረባትም። የመጣችው እሱን ለመያዝ ነው።

ቶሩን እውነተኛ ስሟ አይደለም። የላካት የስለላ ቢሮ ውስጥ «ጠጠር» ይሏታል። «ሃቬላ» ከአንዶያ ደሴት በስተምዕራብ የባሕሩን ወለል ካርታ የምታነሳ መርከብ ናት። በየጣቢያው ከባድ የብረት ቧንቧ በገመድ ትጥላለች፤ ቧንቧው በክብደቱ ወለሉ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የሺህ ዓመት ጭቃ ተደራርቦ ይመጣል። ጣቢያ አሥራ አራት የባሕር ኃይሉ መርከቦች በሚወጡበት ሰርጥ አፍ ላይ ነው። ዙሪያው ሁሉ ለስላሳ ጭቃ ነው። አሥራ አራት ላይ ብቻ የሃልቫርድ መዝገብ «ባዶ ዐለት፤ ናሙና የለም» ይላል።

ዐለት ውስጥ ምንም አይቀበርም። ጭቃ ውስጥ ግን የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ የሚያዳምጥ የስለላ ጆሮ ይቀበራል። ቢሮው እዚያ ባዕድ ጆሮ እንዳለ ጠርጥሯል፤ ማስረጃ ግን አልነበረውም። ካርታው ነገ ዐርብ ይፈረማል። ከተፈረመ በኋላ ዐለት የተባለን ቦታ ለዓመታት ማንም አይነካውም። ቶሩን ጭቃ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ይዛ መውረድ አለባት። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ወደብ ይገባሉ።

ከእሷ በፊት የተላከው ሰው ነሐሴ ላይ ከመርከቧ ወደቀ። አደጋ ተባለ። ለእናቱ የተመለሰው ሁለት ሹራብና አንድ የጥርስ ብሩሽ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ካፒቴኑ ሃልቫርድን ወደ ላይ አስጠራው። ቶሩን የእግሩ ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቀች። ቢላውን ኪሷ ከተተች። ማቀዝቀዣ ክፍሉን ከፈተች።

ሐሳቡ የመጣላት ትናንት ምሳ ላይ ነበር። እያንዳንዱ የጭቃ ቧንቧ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዱ የሥራ ግማሽ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይመዘናል፣ ይጣላል። ሌላው ተቀማጩ ግማሽ ነው። በላስቲክ ይጠቀለላል፣ መለያ ይለጠፍበታል፣ አይነካም። ትናንት ወጥ ቤቱ ሳያስበው የሻይ ፔርሙሱን አንድ ተቀማጭ ግማሽ ላይ አሳረፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሃልቫርድ ፔርሙሱን አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ይህ የእኛ አይደለም፣ የሚያነበው ሰው ገና አልተወለደም አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው መዝገብ ላይ ሊዋሽ ይችላል። ተቀማጭ ግማሽ ባሕር ውስጥ ሊጥል ግን ይችላል?

ክፍሉ ውስጥ ስድስት መቶ ያህል ግማሾች በመደርደሪያ ላይ ተኝተዋል። አራት ዲግሪ ቅዝቃዜ። መብራቱ ይርገበገባል። የጣቢያ ቁጥር አልፈለገችም፤ ቁጥር ይቀየራል። የፈለገችው የውሃውን ጥልቀት ነው። አሥራ አራት ላይ ውሃው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ በዚህ ጉዞ ሌላ እንደዚያ ጥልቅ ጣቢያ የለም።

አንድ መቶ አርባ። አንድ መቶ ስልሳ አራት። ዘጠና ሰባት።

ጣቷ ደነዘዘ።

በስተግራ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ አጭር ግማሽ። መለያው ላይ በሃልቫርድ ጥቃቅን ጽሕፈት «የቧንቧ ሙከራ» ይላል። ከሥሩ ጥልቀቱ።

212።

ጣቢያውን ደብቋል። ጥልቀቱን መዋሸት ግን አልሆነለትም።

ላስቲኩን በጥንቃቄ ገለጠች። ከታች ያለው ጭቃ እንደ ደብተር ቅጠል ተደራርቧል። ከላይ ያለው ሠላሳ ሳንቲሜትር ግን ድብልቅልቁ የወጣ ነው፤ አረንጓዴው ከግራጫው፣ አሸዋው ከሸክላው። ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር። አዲስ መቃብር ያየ ሰው ያውቀዋል። መሐሉ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ጥቁር የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ተጣብቃለች።

መልሳ ጠቀለለችው። ቦታው ላይ አስተኛችው። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ብርቱካናማ ጓንት ለምልክት በመርከቧ ቀኝ ጎን መከላከያ ብረት ላይ ሰቀለች።

መርከቧ ላይ ከእሷ ሌላ አንድ የቢሮው ሰው ብቻ ነበር፤ የመርከቧ ወለል ሠራተኞች አለቃ ስቲግ፣ የሚስጥር ስሙ «መልሕቅ»። ትልቅ ሰው ነው። ከላይኛው ከንፈሩ ሥር ሁልጊዜ ትንባሆ ወትፏል፤ ሲናገር አንድ ወገኑ ያበጠ ይመስላል። እየተጎማለለ መጥቶ ገመድ መጠቅለያው አጠገብ ቆመ። ወደ እሷ አላየም።

«ጓንቱ የማን ነው?»

«የግራ እጅ ነው። ቀኙ ጠፍቷል።»

«እሺ፣ ጭቃ በላተኛዋ። ተናገሪ።»

«አገኘሁት።»

መንጋጋው ቆመ። «የት?»

«ራሴ አመጣዋለሁ።»

 ከዚያ ሽማግሌው ሃልቫርድ ወደብ ላይ ሣጥኑን ሁሉ በእጁ እንደሚፈትሽ፣ ስቲግ ራሱ ግን የገመድ ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ደብቆ እንደሚያወርደው ነገራት። ልክ አምስት ሰዓት፣ ከመርከቧ ኋላ። ሌሎቹ ያን ጊዜ ለወደብ ሲዘጋጁ ፊት ለፊት ነው የሚሆኑት። የተሰቀለውን ጓንት አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«አትፍሪ» አለ። «ፊትሽ የቀዘቀዘ ዓሣ መስሏል።»

ወደ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ተመለሰች። ግማሹን ለማንሳት ጎንበስ ስትል በሩ ከኋላዋ ተከፈተ።

ተዘጋ።

ቁልፉ ተሽከረከረ።

ሃልቫርድ ነበር። ነጭ ካፖርቱን አውልቆ በሱፍ ሹራብ ብቻ ቆሟል። የቶሩን እጅ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ቀጭኑ ቢላ እዚያ ነው። የጠረጴዛ ቢላ ነው፣ ሰው ሊያቆም አይችልም፤ ቢሆንም ጨበጠችው።

«ጓንቱን አየሁት» አለ።

ወደ መደርደሪያው አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

«ነሐሴ ላይም አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ጓንት ሰቅሎ ነበር። እዚያው ቦታ።»

ከዚያ ዐይኑን ከመደርደሪያው ሳያነሳ፣ ስለ ናሙና የሚያስረዳ ይመስል፣ ሁሉንም ነገራት። ሰኔ ላይ ስቲግ አንድ ፎቶግራፍ አሳየው። የሃልቫርድ ሴት ልጅ ኦድኒ ናት፤ ትሮምሶ ከተማ ውስጥ ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ መንገድ ስትሻገር። ስቲግ የጠየቀው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ዐለት ብለህ ጻፍ። ጻፈ። የሥራውን ግማሽ በገዛ እጁ ወደ ባሕር ወረወረው። ለስቲግ ግን ሁለቱንም ጣልኩ አለው። ነሐሴ ላይ ስቲግና ያ ልጅ ወደ መርከቧ ኋላ ሲሄዱ በመስኮት አየ። አንዱ ብቻ ተመለሰ።

«ዳቦና ቡናማ አይብ እበላ ነበር» አለ። «ጨረስኩት። ታምኚያለሽ? ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ጨረስኩ።»

የማቀዝቀዣው ሞተር አጓራ።

«መልሕቅ» የቢሮው ሰው ነው። ስሙን የሰጣት ቢሮው ነው። ምልክቱን ያስተማራት ቢሮው ነው። ከእሷ በፊት ለነበረውም ያስተማረው ያንኑ ነው።



«የት እንደሆነ ነግረሽዋል?» አለ ሃልቫርድ።

«ማግኘቴን ብቻ። አምስት ሰዓት ላይ ልሰጠው ነው።»

«እንግዲያው እስከ አምስት ሰዓት ትኖሪያለሽ፣ ልጄ።»

ካፒቴኑን መንገር አሰቡ። ስቲግ ከካፒቴኑ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ሠርቷል፤ የሦስት ሳምንት እንግዳና በመዝገብ ላይ የዋሸ ሽማግሌ ማን ያምናቸዋል? ስልኩም ያለው ካፒቴኑ ዘንድ ነው። ካልሄደች ስቲግ ይፈልጋታል፤ አምስት ሰዓት ላይ ወደቡ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ያንን አንድ ሰዓት የሚገዛ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ የውሸት ግማሽ ይሰጠዋል፤ እሱም ባሕር ውስጥ ወርውሮት ይረጋጋል።

ሃልቫርድ ግን ከመደርደሪያው አንዱንም ማንሳት አልቻለም። እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። እንደገና ዘረጋ። መጨረሻ ላይ ከጠረጴዛው የሥራ ግማሽ አመጣ። ስቲግ ርዝመቱን እንደሚያውቅ ነገራት፤ የመርከቧ ወለል ላይ የለካው ራሱ ነው፤ ሰማንያ ሦስት ሳንቲሜትር። በመጋዝ ቆረጠው። ጫፉን ሞረደው። በላስቲክ ጠቀለለው። መለያ ጻፈ፣ ለጠፈ። እጁ እየሮጠ ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራ እጅ አይጠይቅም። ቶሩን የምታየው ሰዓቷን ነበር።

እውነተኛውን ቦታው ላይ ተዉት። ሃልቫርድ እዚሁ ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዲጠብቀው ተስማሙ።

አምስት ሰዓት።

ስቲግ ብቻውን ነበር። የመርከቧ ኋላ በር ክፍት ነው። ሰንሰለቱ ወልቋል። ከበሩ ማዶ ነጭ አረፋ፤ ከአረፋው ማዶ ግራጫ ውሃ። ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ቱታውን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

ግማሹን ተቀበላት። በእጁ መዘነው። በስንዝር ለካው። አራት ስንዝር። ራሱን ነቀነቀ።

«ጎበዝ» አለ።

መተንፈስ ጀመረች።

ከዚያ መለያውን አነበበ።

አነበበና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። ቶሩንም ያን ጊዜ አየችው። ጥቃቅኑ ጽሕፈት «የቧንቧ ሙከራ» ይላል። ከሥሩ ያ ጭቃ በእውነት የወጣበት ጥልቀት ተጽፏል።

164።

የሃልቫርድ እጅ መዋሸት አልቻለም።

«ገመዱን የምለቀው እኔ ነኝ» አለ ስቲግ። ድምፁ አልተቀየረም። «አሥራ አራት ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ለቅቄያለሁ።»

ግማሹን ወደ አረፋው ወረወረው። በዚያው እጁ የቱታዋን አንገት ያዘ።

ቢላውን አወጣች። ተንሳፋፊው ቱታ ወፍራም ነው፤ ቢላው ላዩን ፋቀው እንጂ አልገባም።

አንድ እርምጃ ወደ በሩ።

ሌላ እርምጃ።

ተረከዟ ስር ብረቱ አለቀ።

«ልቀቃት።»

ሃልቫርድ ሹራቡን ብቻ ለብሶ፣ ከደረጃው እያለከለከ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ምን እንደጻፈ ትዝ ብሎታል። «ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ማንን እንደሆነ አልታወቀም። ስቲግ በክርኑ ገፋው። ሽማግሌው አልወደቀም። የስቲግን ቀበቶ በሁለት እጁ ያዘና መላ ክብደቱን ወደ በሩ ጣለ።

አንገቷ ላይ ያለው እጅ ለቀቀ።

ሁለቱም አልነበሩም።

የአደጋውን ደወል መታች። ክቡን ተንሳፋፊ ወረወረች። ከዚያ የባሕር ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አደረገች፤ ሰው ሲወድቅ ያየ ሰው ዐይኑን አያነሳም፣ እጁንም ከወደቀው ሰው ላይ አያነሳም። በውሃው ላይ ሁለት ራስ ነበር። አንዱ ብርቱካናማ አንገት ያለው። ሌላው ሽበታም።

በሽበታሙ ላይ ጠቆመች።

መርከቧ ለመዞር ስትጀምር ሱፉ ውሃ ጠጥቶ ነበር። ማዕበል መጣ። ሄደ። እጇ ምንም በሌለበት ውሃ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። አላወረደችውም። ከመርከበኞቹ አንዱ መጥቶ ቀስ ብሎ እስኪያወርድላት ድረስ አላወረደችውም።

ስቲግን አወጡት። ቱታው አድኖታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልለው አስቀመጡት፤ የዓሣ ሾርባ ሰጡት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሽማግሌው ተንሸራትቶ እንደወደቀ፣ እሱም ሊያድነው ከኋላው እንደዘለለ ተናገረ። ወጥ ቤቱ አለቀሰ። ካፒቴኑ እጁን ስቲግ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወደ ቶሩን ዞረ።

«አንቺ አይተሻል?»

ስቲግ ከጽዋው በላይ አያት። ወደቡ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። አሥራ አራት ሰው መርከቧ ላይ አለ፤ ከመካከላቸው ሌላ የእሱ ሰው ይኑር አይኑር አታውቅም።

«አይቻለሁ» አለች። «እንዳለው ነው።»

ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ አሸዋ ተንቋቋ።

ስቲግ ጎንበስ ብሎ ሾርባውን ጠጣ። በአጠገቡ ስታልፍ ሌላው ሰው በማይሰማው ድምፅ እውነተኛው ገና እዚሁ መሆኑን እንደሚያውቅ ነገራት። ለመነሳት ሞከረ። እግሩ እምቢ አለው፤ የመርከቧ ረዳት ሐኪምም ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው፣ ጀግና ይቀመጣል አለው።

ማቀዝቀዣ ክፍሉን ከውስጥ ቆለፈች። ግማሹን የዓሣ ሣጥን ውስጥ አስተኛችና በላዩ ሁለት እርጥብ ፎጣ ጣለች። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ በመጣ ቁጥር ቆጠረች። አንድ ጊዜ አንድ ሰው እጀታውን ሞከረ። ትንሽ ቆሞ ሄደ። ማን እንደነበረ ዛሬም አታውቅም።

ወደቡ ላይ አለቃዋ ጉድቬይግ የላቦራቶሪ መኪና ይዛ ቆማለች፤ የናሙና ተረካቢ መስላ፣ ሹራቧ ላይ የድመት ፀጉር። ቶሩን ሣጥኑን መኪናው ውስጥ አስገብታ ቅጹን ስትፈርም ሳትዞር ተናገረች።

«መልሕቅ የእኛ አይደለም።»

የጉድቬይግ እስክሪብቶ አልቆመም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከነሐሴ በፊት። ልጁን እሱ ነው የገደለው። አሁን ሃልቫርድን። ትሮምሶ ያለች ሴት ልጁ ጋ ዛሬውኑ ሰው ላኪ።»

ጉድቬይግ ስልኳን ይዛ ጥቂት እርምጃ ራቀች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስቲግን በቃሬዛ አውርደው አምቡላንስ ውስጥ አስገቡት። ካፒቴኑ እጁን አውለበለበለት። አምቡላንሱ ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን መታጠፊያ አለፈው፤ ቀጥታ ሄደ።

ዐርብ ካርታው አልተፈረመም። በቀጣዩ ሳምንት የባሕር ኃይሉ ጠላቂዎች ከአሥራ አራት ጭቃ ውስጥ ጥቁር ረጅም ነገር ጎትተው አወጡ። ስለዚህ ነገር ማንም አልጻፈም፤ አይጻፍምም። ስቲግ ፍርድ ቤት ከቀረበ ይወራል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት አልቀረበም። በወረቀት ላይ ሃልቫርድ ኔስዬ ተንሸራትቶ ወደቀ። በወረቀት ላይ ስቲግ ሊያድነው ዘሎ ጤናው ተጎዳና ወደ ደቡብ ሄደ።

የአካባቢው ጋዜጣ የኦድኒን አጭር ደብዳቤ አወጣ። አባቴን ለማዳን ወደ ባሕር የዘለለውን ሰው አግኝቼ እጁን መያዝ እፈልጋለሁ ትላለች።

ቶሩን ደብዳቤውን ይዛ ጉድቬይግ ቢሮ ገባች። ለልጅቷ ይነገራት አለች። ጉድቬይግ መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን አሸች፤ አይቻልም አለች፣ ልጅቷ በሕይወት የምትኖረው ስላላወቀች ነው። ደግሞም ቶሩን የምትባል ሴት ከትናንት ጀምሮ የለችም። አዲሱ ስም በፖስታ ውስጥ ነው፤ ሰኞ ሌላ ከተማ ትጀምሪያለሽ አለቻት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ስጪኝ» አለች ቶሩን። «ግማሹ ፎቶ ተነስቷል፣ ተመዝኗል። ወደ መጋዘኑ ይመለስ። አይጣል።»

ጉድቬይግ መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ማን ያነበዋል?»

«እኔንጃ። አንድ ሰው።»

መጋዘኑ ተራራ ሥር የተቆፈረ ቀዝቃዛ አዳራሽ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጠባቂው በቀር ማንም አልነበረም፤ እሱም ቁልፉን ሰጥቷት ወደ ጋዜጣው መስቀለኛ ቃላት ጨዋታ ተመለሰ። ግማሹን ጠረጴዛ ላይ አስተኛች። አዲስ ላስቲክ ጠቀለለችበት፤ ከሥር ወደ ላይ፣ አየር ሳታስቀር። ከበሩ ውጭ አንድ መኪና ቆመ፤ ሞተሩ እስኪጠፋና የሰው ሳቅ እስኪሰማ ድረስ እጇ አየር ላይ ቆየ። ፍርሃቱ አልወጣም። እንግዲህ አብሯት ይኖራል።

ቅጹን ሞላች። ጣቢያ አሥራ አራት። ጥልቀት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር። ርዝመት ሰማንያ ሦስት ሳንቲሜትር። የአፈሩ ዓይነት፣ ሸክላና ደለል፤ የላይኛው ሠላሳ ሳንቲሜትር የተናወጠ።

ናሙናውን ያስቀመጠው ሰው ስም።

ሃልቫርድ ኔስዬ ብላ ጻፈች። አስረካቢ የሚለውን ባዶ ተወችው።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቀች። ቅጹን ላስቲክ ኪሱ ውስጥ አስገባች፣ ግማሹን ወደ መሳቢያው አንሸራተተች፣ መሳቢያውን ገፋች። ጠቅ ብሎ ተዘጋ።